ጤፉ በ12 ብር የወጣ ዕለት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ኮድና ስለ ድረ ገጽ ሥራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለአንድ የእህል ጅምላ ነጋዴ ድረ ገጽ ሠርቼለታለሁ። የመጋዘኑ ሠራተኛ በየማለዳው የዕለቱን ዋጋ በኤክሴል ይሞላና በሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ በሚለያዩበት ተራ የጽሑፍ) ፋይል ይጭነዋል፤ የእኔ ኮድ ፋይሉን ተንትኖ ዋጋውን ገጹ ላይ ያወጣል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ዋጋ 12,400 ብር መሆኑ ቀርቶ 12 ብር ተብሎ ወጣ። ረፋድ ላይ እስኪታወቅ ድረስ ሰባት ሰዎች አዝዘው ነበር። ነጋዴው ለእያንዳንዳቸው እየደወለ ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔም አብሬው ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ኮዱ የተጻፈው በጃቫስክሪፕት ሲሆን ዋጋውን ወደ ቁጥር የምቀይረው «ፓርስ ፍሎት» በሚባለው ነው። ስህተት ቢፈጠር ይያዝልኝ ብዬ ሁሉንም በ«ትራይ» እና በ«ካች» ሸፍኜው ነበር። ይሁን እንጂ አንድም የስህተት መልእክት አላገኘሁም። የት ላይ ነው ያጠፋሁት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ካች» የሚይዘው የተወረወረ ስህተትን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሥራውን አቋርጦ ያስታወቀውን፣ ብቻ ነው። «ፓርስ ፍሎት» ደግሞ ምንም አልወረወረም። ጽሑፉን ከግራ ጀምሮ ያነባል፤ 1ን ያያል፣ 2ን ያያል፣ ኮማው ላይ ሲደርስ የማያውቀው ምልክት ስለሆነበት ይቆማል፤ እስከዚያ የሰበሰበውን 12 ይዞልህ ይመለሳል። የቀረው 400 የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «12 ኪሎ» ብትሰጠው 12 ይልሃል፤ «12 400» ብትሰጠው 12፣ «12.400» ብትሰጠው ደግሞ 12.4። እነዚህ ሁሉ ለእሱ በደንቡ መሠረት የተሠሩ ትክክለኛ ሥራዎች ናቸው።

ወደ 12 ብር የሚያደርስ ሌላም መንገድ አለ፤ ይህንን የምነግርህ የመጀመሪያውን ብቻ ደፍነህ እንዳትቀመጥ ነው። ኤክሴል ኮማ ያለበትን ዋጋ ወደ ሲኤስቪ ሲያወጣ በጥቅስ ምልክት ይከበዋል። ሠራተኛው አንድ ቀን ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ዋጋውን ያለ ጥቅስ ቢጽፈው ግን ያ ኮማ የአምድ መለያ ይሆናል። ዋጋው 12 ይሆናል፤ 400 ደግሞ ወደ ቀጣዩ አምድ ይሻገራል፤ ቀጣዩ አምድ የኩንታል ብዛት ከሆነ መጋዘንህ ውስጥ የሌለ 400 ኩንታል ጤፍ ገጹ ላይ ታያለህ። ስለዚህ እያንዳንዱን ረድፍ ከመተንተንህ በፊት አምዶቹን ቁጠር። ርዕሱ ስድስት አምድ ካለው፣ ሰባት ወይም አምስት ይዞ የመጣ ረድፍ አይገባም።

ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ሌላውን ትእዛዝ፣ «ነምበር» የሚባለውን ብትጠቀምስ? ይሻላል። «12,400»ን ሲያይ ግማሹን አንብቦ አይመለስም፤ «ናን» ብሎ ይመልስልሃል፤ ቁጥር አይደለም ማለቱ ነው። ነገር ግን እሱም ስህተት አይወረውርም። «ናን»ን ደግሞ ያንሳል፣ ይበልጣል ወይም እኩል ነው ብለህ ከምንም ቁጥር ጋር ብታነጻጽረው መልሱ ሐሰት ነው። «ዋጋው ከ1000 ካነሰ አግድ» ብለህ ብትጽፍ «ናን» ከ1000 አያንስምና ያልፋል። ማገጃህን ገልብጠህ ጻፈው፦ «ዋጋው ከ1000 የሚበልጥ ከሆነ አስገባ፤ ካልሆነ አግድ»። በዚህ አጻጻፍ «ናን» በር ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው አጻጻፍ ካለፈ ግን ወደ ጄሶን (ፕሮግራሞች መረጃ ወደሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ሲቀየር «ነል»፣ ማለትም ባዶ፣ ይሆናል፤ ሌላው ፕሮግራም ደግሞ ያንን «ዋጋ አልተሞላም» ብሎ ያነበዋል፤ በዚያ ሰዓት መነሻውን መፈለግ አድካሚ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ባዶ ሳጥን ነው። «ነምበር» ባዶ ጽሑፍን ወደ 0 ይቀይራል። ይህንን የተማርኩት በሰው ልጅ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤት የሚያስገባ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። መምህራኑ ላልተፈተነ ተማሪ ሳጥኑን ባዶ ይተዉታል፤ የእኔ ኮድ ያንን ባዶ 0 ብሎ አነበበው። በወባ ታማ የሒሳብ ፈተና ያመለጣት የስምንተኛ ክፍል ልጅ 0 ተሰጣት፤ አማካይ ውጤቷ ወረደ፤ ካርዷ ላይ ወድቃለች ተብሎ ተጻፈ። አባቷ ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ የጤና ጣቢያውን ወረቀት ከላዩ አድርጎ ይዞ መጣ። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው እንጂ ብዙ አልተናገረም። ጥፋቱ አንዲት መስመር ነበረች፤ በማግስቱ ውጤቷ ተስተካከለ። ልጅቷ ግን ካርዱን ይዛ የሄደችበትና ያደረችበት ሌሊት አለ፤ ያንን ማስተካከል አልቻልኩም። ከዚያን ቀን ወዲህ «አልተሞላም» እና «ዜሮ» በእኔ ኮድ ውስጥ ፈጽሞ አንድ ቦታ አይቀመጡም።

እንግዲህ ምን ታደርግ? ወደ ቁጥር ከመቀየርህ በፊት የጽሑፉን ቅርጽ ፈትሽ። ዳር ዳሩ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ አንሳ፤ ከዚያ አሃዞች ብቻ መሆናቸውን፣ ኮማ ካለም ከቀኝ ሲቆጠር በየሦስት አሃዙ መካከል መግባቱን አረጋግጥ። «12,400» ይህንን ያልፋል፤ ኮማውን አጥፍተህ 12400 ብለህ ተቀበለው፤ ሌላ ትርጉም ሊኖረው አይችልምና። «12.400» ግን አስራ ሁለት ብር ከአርባ ሳንቲም ነው ወይስ አስራ ሁለት ሺህ አራት መቶ? አታውቅም። እኔ የምከተለው መለኪያ ይህ ነው፦ አንድ ትርጉም ብቻ ያለውን እቀበላለሁ፣ ሁለት ትርጉም ያለውን ለላከው እመልሳለሁ። በአማርኛ ኪቦርድ የገባች ነጠላ ሰረዝ፣ ማለትም «12፣400»፣ ከኮማ የተለየች ምልክት መሆኗንም አትርሳ፤ የእኛ ሰው ሁለቱን እያቀላቀለ ነው የሚጽፈው። እንደ ኮማ ቁጠራት።

ከቅርጹ ቀጥሎ መጠኑን እይ። ትናንት 12,300 የነበረ ኩንታል ዛሬ ከግማሽ በታች ወይም ከእጥፍ በላይ ከሆነ ሰው ሳያየው አይውጣ። አንድ የእህል ነጋዴ ኬሻውን ሳይከፍት፣ እህሉን መዳፉ ላይ ዘርግቶ እንክርዳዱን ሳያይ ይገዛል? ኮድህም እንደዚያው ይጠንቀቅ።

መልእክቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወጣቶች የሚሰንፉት እዚህ ነውና። «ያልታወቀ ስህተት ተፈጥሯል» የሚል መልእክት ለመጋዘኑ ሠራተኛ ምን ይጠቅመዋል? እንዲህ በለው፦ «14ኛው ረድፍ፣ የዋጋ አምድ፦ የተጻፈው ‹12.400› ነው። 12400 ለማለት ከሆነ ነጥቡን አጥፍተው እንደገና ይጫኑ።» ረድፉን፣ አምዱን፣ የጻፈውን ራሱንና ማድረግ ያለበትን ነገርከው። የረድፉ ቁጥር እሱ ኤክሴል ላይ ከሚያየው ጋር መግጠሙን አረጋግጥ፤ ኮድህ ከ0 ሲቆጥርና ርዕሱን ሲዘል እሱ ከ1 ይቆጥራል፤ የሁለት ረድፍ ልዩነት ይመጣል። ስህተቶቹንም አንድ በአንድ አታውጣቸው፤ አምስት ካሉ አምስቱንም ባንድ ጊዜ ንገረው። ሰውየው ማለዳ፣ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው ነው የሚሠራው።

አንድ ረድፍ ቢበላሽ ፋይሉ በሙሉ ይጣል ወይ ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ለአንተ ሥራ አይጣል። ደህናዎቹ ይውጡ፤ የተበላሸው ረድፍ ለብቻው ይቀመጥ፤ ጤፉ ላይ የትናንቱ ዋጋ ከነቀኑ ይታይ። የደመወዝ ዝርዝር ወይም የክፍያ ፋይል ቢሆን ግን ተቃራኒውን እመክርህ ነበር፤ ግማሹ የተከፈለ ደመወዝ ካልተከፈለው ይልቅ ያስቸግራል።

ደብዳቤህ ላይ ባትጠይቀኝም ፋይሉ ቀን አለው፤ ሠራተኛውም ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንደሚጽፍ እገምታለሁ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ዓመት፣ ወርና ቀን አድርገህ ለጃቫስክሪፕት የቀን መሥሪያ ስጠው። ወርን ከ0 ስለሚቆጥር 13ኛውን ወር 12 ብለህ ትሰጠዋለህ። «አስራ ሦስተኛ ወር የለኝም» አይልህም፤ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገርና ጃንዋሪ 6 ቀን 2016 ይሰጥሃል። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን ብትሰጠው ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የለምና ማርች 1 ቀን 2016 ይልሃል፤ ትክክለኛው የፈረንጅ ቀን ግን ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ነበር። ሁለቱም ውጤቶች ለዓይን ደህና ቀን ይመስላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በእኛው ደንብ ፈትሽ፦ ከ1ኛው እስከ 12ኛው ወር 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌላው አቆጣጠር መለወጥ። በፈረንጅ የተጻፈ ቀን ከሆነም ከሠራኸው ቀን ላይ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን መልሰህ አውጥተህ ከገባው ጋር አነጻጽር፤ ከተለያዩ ተንሸራትቷል ማለት ነው።

«ኮምፒውተር ለተጠቃሚው ቸር መሆን የለበትም ወይ» የሚሉ አሉ። ክርክሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ከኢንተርኔት ቀደምት ሠሪዎች አንዱ የሆነው ጆን ፖስቴል የኢንተርኔትን የግንኙነት ደንቦች ሲጽፍ፣ በምትልከው ጠንቃቃ፣ በምትቀበለው ቸር ሁን የሚል መንፈስ ያለው ምክር አስገባ። ድረ ገጾች በዚህ ቸርነት ኖረዋል፤ የአንድ ክፍል መዝጊያ ምልክቱ የተረሳ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ዛሬም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል፣ መረጃ በተመሳሳይ ምልክቶች የሚጻፍበት ቋንቋ፣ በተቃራኒው አንድ መዝጊያ ሲጎድል ሥራው እንዲቆም አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድ ባወጣው ሰነድ፣ የተበላሸን ነገር ዝም ብሎ መቀበል ብልሽቱን ልማድ እንደሚያደርገውና ደንቡን ራሱን እንደሚሸረሽረው አስረዳ። እኔ የምጠይቀው ግምቱ ቢሳሳት ማን ይከፍላል ብዬ ነው። የዜና ገጽ ላይ አንቀጽ ቢጣመም አንባቢው ያነበዋል። ጤፉ ላይ ግን የከፈለው ነጋዴህ ነው።

ጥያቄ፦ የጎንደር ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የክፍያ ገጽ እየሠራሁ ነው። አንዳንድ ጊዜ «በጄሶኑ 0ኛ ቦታ ላይ ያልተጠበቀ ምልክት < ተገኝቷል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣል። ጓደኛዬ «ካች» ውስጥ ምንም ሳትጽፊ ተይው፣ ይጠፋል አለኝ። እውነትም ጠፋ። ግን ልቤ አላረፈም።

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው። የጠፋው መልእክቱ ነው፤ ብልሽቱ እዚያው አለ።

ያቺን < እያት። ጄሶን በዚህች ምልክት አይጀምርም፤ በእሷ የሚጀምረው ኤችቲኤምኤል ነው። ሰርቨሩ ጄሶን ሊልክልሽ ሲገባ ሙሉ ድረ ገጽ ልኮልሻል፦ ወይ «ገጹ አልተገኘም»፣ ወይ «ሰርቨሩ ተበላሽቷል»፣ ወይ «እንደገና ይግቡ» የሚል። ጃቫስክሪፕት ላይ ከሰርቨር መልስ የሚያመጣው «ፌች» ደግሞ 404 (አልተገኘም) ወይም 500 (የሰርቨር ብልሽት) የሚል የሁኔታ ቁጥር ሲመጣ ስህተት አይወረውርም፤ መልስ እስከመጣ ድረስ ለእሱ ተሳክቷል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የሁኔታ ቁጥሩን እዪ፤ ቀጥሎ የይዘት ዓይነቱ ጄሶን መሆኑን እዪ፤ ከዚያ መልሱን እንደ ተራ ጽሑፍ አንብቢው፤ በመጨረሻ ተንትኚው። ጽሑፉን አስቀድመሽ አንብቢ የምልሽ የመልሱ አካል የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው። በቀጥታ ወደ ጄሶን ልትቀይሪው ሞክረሽ ካልሆነ፣ ምን እንደመጣ ለማየት መመለስ አትችይም። መጀመሪያ ጽሑፉ እጅሽ ላይ ካለ ግን የፊተኛዎቹን 200 ፊደላት መዝገብ ላይ ታስቀምጫለሽ፤ ስልክ ቁጥርና የሚስጥር ቁልፍ ካለበት ሸፍነሽ።

አሁን ክፍያ ነውና አጥብቀሽ ስሚኝ። መልሱን ማንበብ አልቻልሽም ማለት ክፍያው አልተሳካም ማለት አይደለም። ገንዘቡ ተቆርጦ፣ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ብለሽ ከጻፍሽ ሰውየው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሦስተኛ ሁኔታ ይኑርሽ፦ ተሳክቷል፣ አልተሳካም፣ ገና አልታወቀም። ባልታወቀው ላይ የክፍያውን መለያ ይዘሽ ሁኔታውን ሰርቨሩን መልሰሽ ትጠይቂያለሽ፤ ለከፋዩም «ክፍያዎን እያጣራን ነው፣ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ» ትይዋለሽ።

መለያውን ካነሳሁ፣ እንደ ቁጥር አትያዢው። ጃቫስክሪፕት በትክክል የሚይዘው ትልቁ ሙሉ ቁጥር 9007199254740991 ነው። በ3 የሚያልቀውን 9007199254740993 በጄሶን ብትቀበይ በ2 የሚያልቅ ሆኖ ይገባል፤ ፋይሉ ትክክል፣ ተንታኙ ዝም፣ መለያው የሌላ ሰው። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ጽሑፍ ሆኖ ይምጣ።

በሰርቨሩ በኩል የምትጽፊው በፒኤችፒ ቋንቋ ከሆነ፣ ጄሶን የሚፈታው ትእዛዝ የተበላሸ ነገር ሲያገኝ ዝም ብሎ «ነል» ይመልሳል። «ነል» ራሱ ትክክለኛ ጄሶን ስለሆነ መልሱን ብቻ አይተሽ ሁለቱን መለየት አትችይም። ከፒኤችፒ 7.3 ጀምሮ ስህተቱን እንዲወረውር የማዘዝ አማራጭ አለ፤ ሁልጊዜ ክፈቺው። ከዚያም ለላከው ወገን 400 (የላክኸው ተበላሽቷል) መልሺለት። የተላከው ነገር ተበላሽቶ ሳለ 500 ብትመልሺ ጥፋቱን ራስሽ ላይ አደረግሽው፤ የላከውም የራሱን አያርምም።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱን ስም ከአሮጌው ዝርዝር ወደ አዲሱ ድረ ገጽ ስንጭን የአንዳንዶቹ ስም የማይነበብ የላቲን ፊደል፣ የአንዳንዶቹ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ሁለት ስሞች መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥቁር አልማዝ የመሰለ ምልክት አለ። የሠራልን ልጅ «ስም የሚባል አምድ አላገኘሁም» የሚል መልእክትም ይመጣበታል፤ አምዱ ግን አለ። ስሞቹ ሊመለሱ ይችላሉ?

መልስ፦ የተከበሩ ጸሐፊ፣ ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ አይመለስም።

የላቲን ፊደል የሆኑት አልጠፉም። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ፊደልን ወደ ቁጥር በሚለውጠው ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር) ነው፤ «ሰ» ለምሳሌ 225፣ 136 እና 176 ነች። ከ«ሀ» ጀምሮ ዘወትር የምንጽፍባቸው ፊደላት ሁሉ የሚጀምሩት በ225 ነው። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም ባይቶቹን አንድ በአንድ እንደ ላቲን ሲያነብ 225 አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሽ ኤ ትሆናለች። የእርስዎ ዝርዝር ላይ ያቺ ፊደል በየሦስተኛው ምልክት ላይ እየተደጋገመች ከሆነ፣ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 ብሎ መክፈት ብቻ ይበቃል።

ጥቁር አልማዙ የተቆረጠ ፊደል ነው። የስሙ ሳጥን 50 ባይት ብቻ የሚይዝ ከሆነ 16 ፊደል ገብቶ ሁለት ባይት ይተርፋል፤ 17ኛው ፊደል ሊገባ ሲል አንድ ባይት ጎድሎት ይሰበራል። ልጁ ሳጥኑን ያስፋውና ርዝመቱን በፊደል ይቁጠር።

«ስም የሚባል አምድ የለም» ያለው ደግሞ ከፋይሉ ራስ ላይ የማትታይ ምልክት ስላለች ነው። ኤክሴል በዩቲኤፍ-8 ሲያስቀምጥ 239፣ 187 እና 191 የሚባሉ ሦስት ባይቶችን ይጨምራል፤ ከመጀመሪያው አምድ ርዕስ ጋር ይጣበቃሉ፤ ለዓይን «ስም» ነው፣ ለኮዱ ግን ሌላ ቃል። ከመተንተኑ በፊት ይንቀላቸው።

የጥያቄ ምልክት የሆኑት ግን ሄደዋል። ኤክሴል ፋይሉን በተራው ሲኤስቪ ሲያስቀምጥ የማያውቀውን እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶታል፤ «አበበ»ም «ከበደ»ም ሦስት የጥያቄ ምልክት ናቸው። ከዚያ ማንም ፕሮግራም ስም ሊያወጣ አይችልም። ዋናው የኤክሴል ፋይል ካለ ይፈልጉት፤ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መርጠው እንደገና ያውጡት። ዝርዝሩ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) የግዕዝን ፊደል ካካተተበት ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት በነበረ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነ ግን የዚያን ፕሮግራም መለወጫ ያስፈልጋል፤ ልጁ በግምት አይለውጠው።

ዋናው ፋይል ከጠፋ ለአባላቱ መደወል ነው። ሲደውሉ ስሙን ብቻ አይጠይቁ፤ «ኃይሉ» በብዙኃኑ «ኀ» ነው ወይስ በሀሌታው «ሀ» ብለው ይጠይቁና፣ ባለቤቱ እንደነገረዎ ይጻፉት።